«የብረት አር» የተባለው ድንጋይ

በድንጋይ ምርመራ ክፍል የምትሠራውን ሴት የመሥሪያ ቤቱ ሰው ሁሉ «እመት አይደለም» ይላታል። ስሙን ያወጣላት የበሩ ዘበኛ ነው። ድንጋይ ይዞ ወደ እሷ ከገባው ሰው መካከል ፊቱ በርቶ ሲወጣ ያየው ስለሌለ ነው። ሰዉ ድንጋዩን በላስቲክ ጠቅልሎ፣ በሻንጣ ሸክፎ፣ አንዳንዱም እንደ አራስ ልጅ በፎጣ አቅፎ ይመጣል። አንዱ «ከሰማይ ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አይቼዋለሁ» ይላል። ሌላው «ቤት ካስገባሁት ጀምሮ ራዲዮኔ አልሠራ አለ» ይላል። አንዲት ሴትዮማ ድንጋዩ ያናግረኛል ብላ መጥታ፣ ምን እንደሚል ስትጠየቅ «ያማሻል» ብላ ነበር። እመት አይደለም ሁሉንም ትሰማለች። ድንጋዩን ታገላብጣለች፣ ማግኔት ታስጠጋለች፣ በአጉሊ መነጽር ታየዋለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ ነገር ሳታቆላምጥ፣ «አይደለም» ትላለች።

«ሰው ከጨረቃ ወደቀ የሚለው ድንጋይ ሁሉ እውነት ቢሆን ኖሮ» ትላለች ለባልደረቦቿ፣ «ጨረቃ ይሄኔ አልቃ ነበር።»

ቁጡ ናት፤ ይህን ራሷም አትክድም። አብራት የምትኖረው እናቷ ለጎረቤት ስታወራ «እሷን ስወልድ የያዘኝ ምጥ አልነበረም፣ ጠብ ነው» ትላለች። በር ሲንቋቋ ትቆጣለች፤ ሻይ ቀዝቅዞ ሲመጣ ትቆጣለች፤ ወረፋ የሚያቋርጥ ሰው ስታይማ ለማታውቀው ሰው ጠበቃ ሆና ትቆማለች። ታዲያ በዚህ ሁሉ ቁጣዋ መሐል አንድ የማትሽረው ሕግ አላት፦ ሳታይ «አይደለም» አትልም። የመጣው ሰው እብድ ቢመስል፣ ድንጋዩ ከመንገድ ዳር የተነሣ ጠጠር ቢመስል፣ መጀመሪያ ታያለች።

ይህን ከመጽሐፍ አልተማረችውም። ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ ትኩሳት ይዞት እናቷ ደግፋ ክሊኒክ ስትወስደው አብራ ሄዳ ነበር። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ሳይል «ጉንፋን ነው፤ ውሃ አጠጪው» ብሎ መለሳቸው። ጉንፋን አልነበረም። የእናቷ ለቅሶ ከጊዜ ብዛት ደረቀ፤ በልጅቷ ሆድ የገባው እሳት ግን እስከዛሬ አልጠፋም። «ቀና ቢል እኮ ያየው ነበር» የምትለውን ነገር ጥርሷን ሳትነክስ ተናግራው አታውቅም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከበሩ በኩል ጩኸት ሰማች።

«ድንጋዬን አምጡ ነው ያልኩት! አሁን መርምሩልኝ ያላችሁ ማነው?»

«አባት፣ እንዲህ ከጮሁ አላስገባዎትም» ይላል ዘበኛው።

«ለስለስ ስልም አላስገባኸኝ! ቀስ ብዬ ስናገር አልሰማ ያለ ጆሮ ሲጮኽበት ምን ያንሰዋል!»

እመት አይደለም የሰው ጩኸት ስትሰማ የዘመድ ድምፅ የሰማች ያህል ነው የሚስባት። ወጣች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢሙን ያልተላጨ ሽማግሌ በሩን አንቆ ይዟል። እድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ ኖሮ በጡረታ የወጣ ሾፌር ነው።

«ጋሼ፣ ምን ሆነው ነው?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ ማነሽ? ነገ ና የምትይው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነገ ና አልልም። ይግቡ።»

ገብቶም ወዲያው አልተቀመጠም። ቆሞ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ ነገሩን ከሥሩ ነገራት። ከዓመታት በፊት በጠፍ መሬት ላይ፣ ዛፍም ጥላም በሌለበት ጠጠራማ ሜዳ ላይ የመኪናው ጎማ ይፈነዳል። መኪናው እንዳይንሸራተት ታኮ ሊያደርግ ድንጋይ ይፈልጋል። ሜዳው ላይ ያለው ድንጋይ ሁሉ ፈዛዛ ብጫ ሲሆን፣ አንዱ ብቻ ጥቁር ነው። ውጪው እንደ ቀለጠ ነገር ስስ ቅርፊት ለብሷል። ያንን ወስዶ ለጎማው ታኮ ያደርገዋል። መኪናው ሲንሸራተት ከጫፉ ቁራሽ ይፈነጥርና ውስጡ ይታያል፤ ግራጫ ሆኖ፣ ነጫጭ ስባሪዎች እንደ ጥርስ ተሰክተውበታል። ሾፌሩ እንዲህ ያለ ድንጋይ አይቶ አያውቅም። ትልቁን ከወንበሩ ሥር፣ ቁራሹን ከኮቱ ኪስ አድርጎ ይዞት ይመጣል። በኋላ ራዲዮ ላይ ከጨረቃ ተፈንጥሮ መሬት የሚወድቅ ድንጋይ አለ ሲባል ሲሰማ፣ ልቡ ይደነግጥና ትልቁን ተሸክሞ እዚህ መሥሪያ ቤት ይመጣል።

«ያኔ እዚህ ወንበር ላይ የነበረው ሰውዬ» አለ ሾፌሩ፣ በጣቱ ወንበሯን እየጠቆመ፣ «እጁን እንኳ ከኪሱ አላወጣም። ከሩቅ አየና "የብረት አር ነው፤ እዚያ ጥለኸው ሂድ" አለኝ። ሰማሽ? ያገኘሁትን አር አለብኝ! እሺ አር ከሆነ መልስልኝ ስለው "ነገ ና" አለኝ። ያ ነገ እስከዛሬ አልነጋም!»

የብረት አር ማለት ብረት ሲቀልጥ የሚቀረው ዝቃጭ ነው። የሙያ ቃል ነው፤ ስድብ አይደለም። ግን ቃል እንደ አነጋገሩ ነው።

«እና ሰፈሩ መሣቂያ አደረገኝ» ቀጠለ። «ጎማ ጥገናው ጋ ስደርስ "የጨረቃው ሾፌር መጣ! ዛሬ ወደ ላይ ጭነት የለም ወይ?" ይሉኛል። ሳቃቸውስ ይሁን። ድንጋዬን ግን ምን አደረጋችሁት?»

«ቁራሹ አለ?» አለች።

ሾፌሩ ጥቂት አመነታ። ከዚያ ከኮቱ ኪስ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣ። «ይሄንንም ልትቀሚኝ ነው?»

«ከፈለጉ አጠገቤ ቆመው ይዩኝ።»

ቆሞ አያት። እሷም እንደ ልማዷ ጀመረች፤ በልቧም ያቺ የታወቀች ቃሏ ተዘጋጅታ ነበር። ማግኔቱን አስጠጋች፤ ቁራሹ ንቅንቅ አላለም። የብረት አር ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ይሳባል፣ እንደ ዳቦም ውስጡ በአየር ቀዳዳ የተሞላ ይሆናል። ይህ ቀዳዳ የለውም። በአጉሊ መነጽሩ ስታየው ነጫጮቹ ስባሪዎች ጫፋቸው የሾለ፣ ተቀጥቅጠው እንደገና የተጣበቁ ናቸው። አፏን ከፈተች፤ ቃሏ ግን አልወጣችም።

«ምንድን ነው?» አለ ሾፌሩ።

«አላውቅም» አለች። ይህን ቃል ከእሷ አፍ የሰማ ሰው በዚያ መሥሪያ ቤት አልነበረም።

ሾፌሩ ሲፈቅድላት ከቁራሹ ላይ ቀጭን ሽርፍራፊ ቆረጠች። መስታወት ላይ ለጥፋ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ፈገፈገችው። ማይክሮስኮፑ ሥር ስታስገባው በምድር ድንጋይ ላይ የምታውቃቸውን ነገሮች ፈለገች፤ ውሃ የነካው ነገር ካለ ብላ ፈለገች፤ ከቅርፊቱ ጠርዝ በቀር ውሃ ያለፈበት አይመስልም። ምድር ላይ ውሃ ያልነካው ነገር ማግኘት ቀላል አይደለም። ራሷን ግን አላመነችም። ማመን የሚፈልግ ሰው ስንቱን እንደሚያይ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

በውጭ አገር ትልቅ ላቦራቶሪ ውስጥ የሚሠራ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበራት። ሽርፍራፊ ላከችለት፤ ከየት እንደመጣ ግን አልነገረችውም። ሲደውልላት ሰላምታ እንኳ አልሰጣትም።

«ከየት ነው ያገኘሽው?»

«አንተ መጀመሪያ ያየኸውን ንገረኝ።»

«ውስጡ ያለው ብረትና ማንጋኒዝ ሲነጻጸር ከምድር ድንጋይ ጋር አይገጥምም። ከማርስም ጋር አይገጥምም። የገጠመው ከጨረቃ ነው። በዚያ ላይ በጠፈር ጨረር ሲደበደብ የኖረበት ምልክት አለው። ሁለት ጊዜ ደገምኩት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይህ የተሰበረበት ትልቁስ የት አለ?» አለ።

ትልቁስ የት አለ። ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤት ወረደች። የግምጃ ቤቱ ሰው ጨዋ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ከሰው ጋር ላለመጣላት ሲል ከጥላው ጋር የማይጋፋ ሰው ነው። ስለ ድንጋዩ ስትጠይቀው የያዘውን ቁልፍ ማሻሸት ጀመረ።

«የተጣሉት ድንጋዮች መደርደሪያ ላይ ነበሩ» አለ። «ኋላ ግቢው ሲነጠፍ "ይህ ኮተት ይውጣልኝ" ተባለና…»

«እና?»

«ሙሌት አነሰ ተባለ። ሲሚንቶው ሥር ገቡ።»

«ማነው ያለው?»

ሰውየው በዓይኑ ወደ ላይ፣ ወደ ሁለተኛው ፎቅ አየ። እዚያ የሚቀመጠው ኃላፊው ነው። ከእሷ በፊት በምርመራው ክፍል ወንበር ላይ የነበረውም እሱ ነው። እጁን ከኪሱ ያላወጣውም እሱ ነው።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣች አታስታውሰውም። ኃላፊው መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። «ቁጭ በይ» አላት።

«ቆሜ ይሻለኛል» አለችና ድንጋዩ ምን እንደሆነ ነገረችው። ኃላፊው ፊቱ በራ። «የጨረቃ? በእኛ መሥሪያ ቤት? እኔ እኮ ሁልጊዜም…» ብሎ ስለ ጋዜጠኞች ማሰብ እንደጀመረ ከዓይኑ ታወቀ። የትኛው ድንጋይ እንደሆነ ስትነግረው ግን ፊቱ ከሰል መሰለ።

«ያ ሽማግሌ?»

«ያ ሽማግሌ። የብረት አር ነው ያሉት እርስዎ ነዎት። ለግቢው ሙሌት ይሁን ያሉትም እርስዎ ነዎት።»

«ያኔ በቀን ስንት እብድ ይመጣ እንደነበር አንቺ አታውቂም። መታየት ያለበትና የሌለበት በዓይን ይለያል።»

«በዓይን ከሆነማ ድንጋዩን ማየት ነበረብዎ።»

ኃላፊው ተቀመጠ። ድምፁን አለስልሶ፣ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠግቶ፣ እንደ ወንድም መናገር ጀመረ። «እንግዲህ የሆነው ሆነ። እኔና አንቺ ተጣልተን የሚጠቀም የለም። ቁራሹን የተቋሙ የመስክ ቡድን አገኘው እንበል። ለሽማግሌው ያው አንቺ "አይደለም" በይው። እሷን ቃል እንደሆነ ታውቂባታለሽ፤ ካንቺ አፍ ሲሰማት ያምናል።»

እመት አይደለም ደሟ ፈልቶ ጆሮዋ ድረስ ሲወጣ ተሰማት። ሰዎች ስለ ስድብ ይቆጣሉ፣ ስለ ግፍ ይቆጣሉ። እሷን ግን ያቃጠላት ቃሏን መጠየቋ ነው። ስንት ሰው እያስከፋች፣ ስንቱ እየረገማት፣ አንዴ እንኳ ሳታይ ያልተናገረቻትን ቃል ለውሸት አዋሺኝ ተባለች።

«አንተ» አለች። ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የተሻገረችበትን ድልድይ እሷም አላየችውም። «አንተ ሰው፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ ነው እንዴ የምታናግረኝ? በአንተ ስንፍና የሰው ድንጋይ ሲሚንቶ ሥር ገባ። አሁን ደግሞ የእኔን አፍ ልትከራይ ነው?»

«አነጋገርሽን አርሚ!»

«ያንተ ሥራ ሲታረም ይታረማል!»

በሩን ስትዘጋው የመስታወቱ ድምፅ እስከ ግምጃ ቤቱ ተሰማ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ቤት ሄደች። ጠባብ ግቢ ነው፤ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ፣ ግድግዳው ጥግ የተደገፈ ያረጀ ጎማ። በሩን የከፈተችላት ሚስቱ ናት። ሾፌሩ እግሩ የተሰበረ ወንበር እየጠገነ ነበር፤ ሲያያት መዶሻውን አስቀመጠ።

«ነው» አለችው።

«ምኑ?»

«ከጨረቃ ነው፣ ጋሼ። ሁለት ጊዜ ተደግሞ ታየ። ነው።»

ሚስቱ በእጇ አፏን ያዘች። ስንት ዓመት «ተው ይሄን ነገር፣ ልጆቻችን አፈሩብህ» ስትለው የኖረች ሴት ናት። ሾፌሩ አልሣቀም፣ አልዘለለም። «ታዲያ ድንጋዬስ?» አለ።

ነገረችው። ቀስ ብላ ልትነግረው አስባ ነበር፤ ግን ቀስ ማለት አታውቅበትም፤ እንዳለ ዘረገፈችው። ቀድማ የተናገረችው ሚስቱ ናት።

«እንዴት ያለ ጉድ ነው! ሰው ላም አለኝ በሰማይ ሲል ሰምቼ አውቃለሁ። እናንተ ከሰማይ የመጣችውን ላም ነው መሬት ሥር የቀበራችኋት?»

ሾፌሩ ግን ሌላ ነገር እያየ ነበር። «ጫማዬን ነው ያየው» አለ፣ በዝግታ። «ያን ቀን የለበስኩትን አስታውሳለሁ። ጫማዬን የመኪና ግራሶ ነክቶት ነበር። ድንጋዩን አላየም፤ ጫማዬን አየና ፈረደ። ድንጋዩ በመልካም ሻንጣ፣ ከረባት ባሰረ ሰው እጅ ቢመጣ ኖሮ አር አይሆንም ነበር።» ከዚያ ድንገት ተነሣ፤ ወንበሩ ወደቀ። «ስንት ዓመት! ስንት ዓመት ሞኝ ነኝ ብዬ ራሴን አሳመንኩ! ለራሴ እንኳ መመስከር አቃተኝ! ለዚህ ማን ይክሰኛል?»

ቁጣው ከእመት አይደለም ቁጣ ይበልጥ ነበር፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥማት ነገር አይደለም። «ሰኞ ጠዋት የሠራተኛ ስብሰባ አለ» አለች። «ይምጡ።»

ሰኞ ጠዋት አዳራሹ ሞልቷል። ኃላፊው ስለ ሰዓት ማክበርና ስለ መጸዳጃ ቤት ንጽሕና ተናግሮ ሲጨርስ፣ እመት አይደለም ከመቀመጫዋ ተነሥታ ሄዳ የቁራሹን ምስል ግድግዳው ላይ አበራችው። በማይክሮስኮፕ የታየ ስስ ቁራጭ ነው፤ ነጭና ግራጫ ስባሪ፣ መሐል መሐሉ ላይ እንደ ቀለጠ መስታወት የጠቆረ።

«ይህን አላስፈቀድሽም፤ አጥፊው» አለ ኃላፊው።

«ይህ ከጨረቃ የመጣ ድንጋይ ነው» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። «የጠፈር አለት ጨረቃን መታና ይሄ ተፈንጥሮ መሬት ወደቀ። ያገኙት እዚያ በር ላይ የቆሙት አባት ናቸው። ከዚህ የሚበልጠውን አምጥተው ለእኛ ሰጥተውን ነበር። ሳይታይ ተጣለ። አሁን ያለው ግቢው ውስጥ ከምንረግጠው ሲሚንቶ ሥር ነው።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ኃላፊው ተነሣ። «ይህቺ ሴት ከእኔ ጋር የግል ጠብ አላት! ማስረጃ የለም! ያ ድንጋይ እዚህ መምጣቱን የሚያውቅ ሰው ካለ ይነሣ!» አለና ዓይኑን በአዳራሹ ላይ አዞረ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ሳይሆን አይቀርም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያይ ጀመር። የጋራ እንጀራ አፍን ይይዛል።

ከኋላ ወንበር ሲንፏቀቅ ተሰማ። የግምጃ ቤቱ ሰው ነው የተነሣው።

«መጥቷል» አለ። «በእጅ ጋሪ የገፋሁት እኔ ነኝ። አለቃዬ፣ ከመኪናዎ ሥር ነው ያለው።»

መጀመሪያ የሣቀው ማን እንደሆነ አልታወቀም፤ አዳራሹ ግን በሳቅ አውካካ። ሳቁ ከስድብ ይከፋል። ኃላፊው ወረቀቱን ሰብስቦ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ። መኪናውን አስነሥቶ በበሩ ሲያልፍ የሚያቆምበት ቦታ ባዶ ሆነ።

ሁሉም እዚያ ባዶ ቦታ ዙሪያ ቆሞ ተያየ። ማን ይፈቅዳል? ማን ይጠየቃል? ይህ ሁሉ ሲብላላ እመት አይደለም ከናሙና ክፍሉ ረጅም ብረት ይዛ መጣች። ሲሚንቶውን ስትመታው እጇን አነዘራት። ደግማ መታች። ለወንድሟ ይሁን ለሾፌሩ ወይስ ለራሷ፣ ማንን እያሰበች እንደምትመታ አታውቅም፤ በእያንዳንዱ ምት ግን አንድ ነገር ትናገራለች፤ የምትናገረውንም እዚህ መጻፍ አይቻልም። ሾፌሩ ኮቱን አውልቆ ብረቱን ሊቀበላት ሲል «ይተዉኝ!» ብላ ጮኸችበት። እሱም «ድንጋዩ የእኔ ነው፣ ብረቱን አምጪ!» ብሎ መልሶ ጮኸ። ዘበኛው ስንጥቅ ሲሚንቶ ለመንቀል መዶሻ ይዞ ሲመጣ ነው ሁለቱም ዝም ያሉት።

ያገኙት ከሰዓት በኋላ ነው። ከብዙ ጠጠርና ስባሪ ጡብ መሐል፣ በግቢው ማደላደያ ከባድ ማሽን ተጨፍልቆ ለሁለት የተሰበረ፣ በሲሚንቶ ውሃ የገረጣ ጥቁር ድንጋይ። ግማሹ ጎን ዱቄት ሆኗል። ስንቱ እንደጠፋ ስታይ እመት አይደለም ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጠችና መሬቱን በጡጫዋ መታችው። ሚሊዮን ዓመታት ተጉዞ በሰላም የደረሰ ነገር በሰው ግቢ ውስጥ ተፈጨ። ሾፌሩ ግን ሁለቱን ቁራጮች በኮቱ ጠቅልሎ፣ ማንንም ሳያናግር፣ ይዟቸው ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ስትሄድበት ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ከፊቱ በልብስ ሳሙና አረፋ የሞላ ሳፋ አስቀምጦ፣ ድንጋዩን በሽቦ ቡሩሽ ሲፈትግ አገኘችው። እግሯ ከደጃፉ ላይ ተተከለ።

«ምን እያደረጉ ነው!»

«ሲሚንቶውን ላስለቅቀው ነው።»

«በሳሙና? በሽቦ? ውስጡ እኮ ውሃ አያውቅም ነበር! የሲሚንቶው ውሃ አንሶት ነው በሳፋ የሚዘፈዝፉት? ቅርፊቱን እኮ ጨረሱት!»

«ታኮ ሳደርገው አልተነካም፣ አሁን በሳሙና ይሞታል?»

«አዎ ይሞታል!»

«አትጩኺብኝ! ድንጋዬ ነው!»

«ድንጋዩ የእርስዎ ነው፤ ድንቁርናው ግን የሁላችንም ኪሳራ ነው!»

ሚስቱ ብቅ ብላ «ጎረቤት ባልና ሚስት የተጣሉ መስሎታል፤ እኔ አለሁ እኮ!» አለች። ሾፌሩ ቡሩሹን ጣለ። እመት አይደለም ሳፋውን ደፋች። ከዚያ ድንጋዩን በደረቅ ጨርቅ እንዴት እንደሚያደርቁ፣ ምን ላይ እንደሚያስቀምጡት እየተናገረች አሳየችው፤ እሱም እያጉረመረመ እንዳለችው አደረገ።

የመሥሪያ ቤቱ ነገር እንዲህ አለቀ፦ ኃላፊው ከዚያ ተነሥቶ ከፍ ወዳለ ቢሮ ተዛወረ። ለእመት አይደለም ንብረት በማፍረስ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ማስጠንቀቂያውን ያነበበላት ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ እሷ አልደፋችም። የግምጃ ቤቱ ሰው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሏል ይባላል።

ሾፌሩ ድንጋዩን ለዚያ መሥሪያ ቤት አልሰጥም አለ። አልተከራከረችውም። በሌላ ከተማ ካለው ቤተ መዘክር ጋር ተነጋግራ፣ በእሱ ስም እንዲቀመጥ ተስማሙ። ሾፌሩ የወንድሙን ልጅ መኪና ተውሶ ራሱ ነዳ፤ እሷ አጠገቡ ድንጋዩን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ስለ አነዳዱ ስትነዘንዘው ሄደች።

ቤተ መዘክሩ ውስጥ የተቀበላቸው ጎልማሳ ከጠረጴዛው ተነሣ። ጓንት አደረገ። ሁለቱን ቁራጮች አንድ በአንድ አነሣ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋ፣ አገላበጠ፣ ከዚያ ለሾፌሩ ወንበር ስቦ «የት ነበር ያገኙት? ቦታውን ይንገሩኝ እስቲ» አለ። ሾፌሩ ቁጭ ብሎ ስለ ሜዳው፣ ስለ ፈነዳው ጎማ መናገር ጀመረ፤ ሰውየውም ይሰማል፣ ያያል፣ እንደገና ይጠይቃል።

እመት አይደለም ከበሩ አጠገብ ቆማ ታያቸው ነበር። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ነገሩ ምን ያህል ቀላል እንደነበር ስታይ፣ ከወንበር መነሣት፣ እጅን ከኪስ ማውጣት፣ ቀና ማለት ብቻ እንደነበር ስታይ፣ ቁጣዋ እንደ አዲስ ተቀጣጠለ። ሁለቱ ሰዎች እንዳያዩአት ወደ ኮሪደሩ ወጥታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች።